ሳጥኑ ያላለው

ይህን ነገር የሰማ ጆሮ የለም። ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም፤ በየጾሙ ስናዘዝ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየቆጠርኩ እሱን ዘልዬው እነሣለሁ። ከጎረቤቴ ከስንዱ ጋር በየማለዳው እሳት እንጫጫራለን፤ ለእሷማ ከሰው ሁሉ አብልጬ ደበቅሁት። ዛሬ ግን እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ወንድሜ የኔታ ዘንድ ሲማር ከአጥር ውጭ ሆኜ እየሰማሁ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ነገሩ አይንጋደድም። የስንዱን ልጅ ፈንታን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለገመድ የሰጠሁ እኔ የውብዳር ነኝ። ሰቃዩ ጣሊያን ነው። ጠሪዋ ግን እኔ ነኝ።

የምኖረው መተማ ነው። እኛንና ገላባትን የሚለየን በበጋ የሚደርቅ አንድ ወንዝ ነው፤ ያን ጊዜ ወዲህ ጣሊያን፣ ወዲያ እንግሊዝ ነበር። ኬላው ላይ ወንዱን መታጠቂያውን ሳይቀር አስፈትተው ይፈትሹታል። ዶሮ ያንጠለጠለች ሴት ግን ምን ታመጣለች ብለው ያሳልፉናል። ምን እንደምናመጣ አላወቁም። ወሬ ነበር የምናመጣ።

ገላባት ላይ ሐጂ ኑር የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ከሱቃቸው ጓሮ በሎሪ ባትሪ የሚሠራ ራዲዮ አላቸው፤ እኛ ሳጥኑ ነው የምንለው። የሚናገረው በዐረብኛ ነው። እኔ ገበያ ላይ ያደግሁ ነኝና ዐረብኛው አያቅተኝም። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ገብቼ ቆሜ ስሰማ፣ ሐጂ ኑር በርጩማ አቀረቡልኝና፣ «ቁጭ ብለሽ ስሚ፤ ጆሮ ቆሞ ሲሰማ ግማሹን ይጥላል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገበያው ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ብቻዬን ሰምቼ ምን ይረባል? ከሰባት መንደር ሰባት ሴት ሰበሰብኩ። ከገበያ ስንመለስ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሮቃ ዛፍ ሥር እናርፋለን፤ እኔ የሰማሁትን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ እያንዳንዷ ለመንደሯ ትወስዳለች። አውሮፕላን ወዴት እንደበረረ፣ አንበጣ ከየት እንደተነሣ፣ የተሰደደው ሰው ከድንበር ማዶ በሕይወት እንዳለ። እነሱም የየመንደራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የጣሊያን ጥቁር ወታደር፣ አስካሪው፣ የት እንዳደረ፣ ለመንገድ ሥራ ማን እንደታፈሰ፣ የማን ላም እንደጠፋች። ማን ይጠይቀን ነበር ከዚያ በፊት? ግብር ሲፈልጉ እንጂ ቆላ ሰው እንዳለበት የሚያስታውስ ማን ነበር?

ሕጋችን አንድ ነው። አይጨመርበት፣ አይቀነስበት። የሰማችው «መልሺልኝ» ትባላለች፤ ሦስት ጊዜ ሳትደናቀፍ ካልመለሰች ከሮቃው ሥር አትነሣም። ሕጉን ያወጣሁ እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያወጣሁ እኔ።

ሰባተኛዋ ከጉሙዝ መንደር ነበረች። ስትመጣ አንዳንዷ ፊቷን አጨማደደች፤ «ደግሞ ለእነሱ ምን ወሬ ይነገራል?» አለች አንዷ። ስንዱ ጫማዋን አውልቃ እሾኽ እየነቀለች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አውሮፕላኑ ጎጆ መርጦ ነው የሚጥለው እቴ? እንግዲያ ያንቺን እንዳይመታ ደጅሽ ላይ ስምሽን ጻፊበት» ብትላት ሁላችንም ሳቅን፤ የጉሙዟም ሴት ሳቀች። ሽማግሌዎቹ «የሴት አዋጅ» እያሉ ያፌዙብን ነበር። እንዲያው ለአመል ነው። እነዚያው ሽማግሌዎች አመሻሽ ላይ አጥር ተጠግተው፣ «ለመሆኑ ሳጥኑ ምን አለ?» ይላሉ። አልደብቅም፤ ኮርቼ ነበር።

ልጄ ታከለና የስንዱ ልጅ ፈንታ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አብረውም ጠብመንጃ አንሥተው ወደ ቋራ በረሃ ገቡ። በግንቦት ወር፣ ፀሐዩ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ሰሞን፣ ከዚያ የወረደች ስንቅ አቀባይ «ከልጆቹ አንዱን ንዳድ ገደለው አሉ፤ ማን እንደሆነ አላወቅሁም» አለችኝ። ማን እንደሆነ አላወቅሁም! ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። በአራተኛው ቀን ገበያ ወርጄ ከሳጥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሳጥኑ ያወራው ስለ ዝናብ ነው። ሱዳን ላይ ዝናቡ ዘገየ አለ፤ የማላውቃቸው ሁለት አገሮች ተጣሉ አለ፤ ዘጋ። ሌላ አልተናገረም። እምላለሁ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ከሮቃው ሥር ስደርስ ግን አፌ እንዲህ አለ፦ «ጣሊያን ምሕረት አድርጓል። ጠብመንጃውን ያስረከበ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። እንግሊዝም ለዚህ ዋስ ሆኗል። ልጆቼ፣ ግቡ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። አምልጦኝ አይደለም፤ ታከለ በሕይወት ካለ ሰምቶ እንዲገባልኝ መንገዱን ሙሉ በሆዴ ሳስተካክለው ነበር የመጣሁ። እንግሊዝን ለምን ጨመርኩ? ያለዋስ እንደማያምኑ ስለማውቅ። ሰው እንዲያ አድርጎ አስቦ የሠራውን «ሳላስበው» ሊል ይችላል? እኔ አልልም።

ስንዱ ብድግ አለች። «እውነት ነው? ድገሚልኝ የውብዳር፣ ነፍሴ፣ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩ። «አሁንም» አለች። ደገምኩ። ሦስቱንም ጊዜ ሳልደናቀፍ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ሲክድ ዶሮ ጮኾለታል፤ እኔ ሦስት ጊዜ ስዋሽ ያልተሸጠችው ዶሮዬ ጭኔ ላይ ነበረች፤ ዝም አለች።

ወሬው ሄደ። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነበርና ሳይጨመር ሳይቀነስ በረሃ ደረሰ። በሳምንቱ ገበያ ፈንታና ሁለት ጓደኞቹ የጠብመንጃቸውን አፈሙዝ ወደ መሬት ደፍተው ወረዱ። ስንዱ ያጠበችውን ጋቢ በክንዷ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። እኔም ከጎኗ ቆሜ አራተኛ ሰው ስፈልግ ነበር። ታከለ አልመጣም። ሦስቱን እጃቸውን አስረው እዚያው ገበያው መኻል ሰቀሏቸው። ስንዱ ጋቢውን መገነዣ አደረገችው። እኔ አብሬያት አለቀስኩ። እንባዬ ውሸት አልነበረም፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ቢበቃኝ ምን ነበር? አልበቃኝም። አገሩ ሁሉ «ሳጥኑ ዋሸ» አለ። «የእስላሙ ሳጥን የጣሊያን ነበር» አለ። ሐጂ ኑርን ባንዳ አሏቸው፤ ከሱቃቸው የሚገዛ ጠፋ፤ የገዛ ጎረቤቶቻቸው እንኳ ሸሿቸው። አንድ ቀን አስጠሩኝ። እንደ ወትሮው በርጩማውን አቀረቡልኝና፣ «የውብዳር ልጄ፣ ያን ቀን ሳጥኑ ስለ ዝናብ ነበር የተናገረው፤ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እኔም፣ «አላስታውስም ሐጂ» አልኩ። ዐይኔን አዩኝ። ገባቸው። ተነሥተው ሳጥኑን በጨርቅ ሸፈኑት። በወሩ ዕቃቸውን በግመል ጭነው ወደ ገዳሪፍ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ። ከዚያ በኋላ ከሮቃው ሥር የተቀመጠ የለም። አስካሪ የጉሙዙን መንደር ለመንገድ ሥራ ሊያፍስ ሲመጣ የነገራቸው አልነበረም። ያንንም ቍጠሩብኝ።

ጣሊያን ወጣ፤ ታከለ በጤናው ተመለሰ። በንዳድ የሞተውም የሌላ ሰው ልጅ ኖሯል። አጥሩን ስናጥር፣ «ወሬው አልደረሰህም ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። እንጨቱን ወደ መሬት እየመታ፣ «ደርሶኛል እማ። ፈንታን አትሂድ አልኩት። ሳጥን ‹ልጆቼ› አይልም» አለኝ። ቀጣዩን እንጨት አነሣ። ከዚያ፣ «አደራ፣ አፍሽን ያዢ። ፈንታ ወንድሞች አሉት» አለ። ወንድሞች አሉት። ደም እንደማይበርድ እዚህ ቆላ የማያውቅ የለም።

ታዲያ ለምን አሁን? ባለፈው እሑድ ስንዱ መጣች። የሐጂ ኑር ልጅ የአባቱን ሱቅ ከፍቷል፤ ሳጥኑንም ይዞ መጥቷል። «ሴቶቹን እንሰብስብ የውብዳር፣ ከጨለማ ኖረናል» አለች። ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን፣ «በዚያ በእስላሙ ሳጥን ግን አይሆንም፤ ልጄን የበላ ሳጥን ነው» አለች። ያቺ በአውሮፕላን ያሳቀችን ስንዱ ናት እንዲህ ያለችው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

እፈራለሁ። አሁንም ስለ ታከለ እፈራለሁ፤ ያን ቀን ከሮቃው ሥር የፈራሁትን ያህል እፈራለሁ። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ተናገሪ አለኝ፤ ተናገርኩ። አሁን ዝም በይ ይለኛል። አልታዘዘውም! ልጄ ቢቆጣም፣ ነፍስ አባቴ ነገ ሰምተው «በሚስጥር ይበቃል» ቢሉም አልታዘዝም። የገበያን ኃጢአት በጆሮ ሹክሹክታ አላወራርድም።

ይህን ወረቀት ለሰባቱ መንደር እልከዋለሁ፤ የምታነብብ ታንብብ፣ ያላነበበች ትስማ። የፈንታ ወንድሞች፣ ታከለ ያን ቀን በረሃ ነበር፤ ደሙ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። የሚፈልገኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሮቃው ሥር ተቀምጬ ያገኘኛል። ይቅር በሉኝ አልልም። ሐጂ ኑርን ግን፣ ከአፈር ቢገቡም፣ ይቅር በሉን በሏቸው፤ ሳጥናቸው ስለ ዝናብ ነበር ያወራው።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የምታዝንልኝ አትጠፋም፤ «እናት ናት፣ አንጀቷ ነው» ብላ ትጨምርልኛለች። አይጨመርበት። ሌላውም ልጅ እናት ነበረው፤ ጋቢ ይዛ ቆማ ነበር።

ስንዱ፣ ሰምተሽኛል? እንግዲያው መልሺልኝ። ሦስት ጊዜ።