ከ«አ» ቁልፍ ሥር የሰፈሩት እንግዶች

ፓንዶዮን ያየ ሰው ከፊቱ በፊት የሚያየው ጥፍሩን ነው። የግራ እጁ የትንሿ ጣት ጥፍር ረዝማ፣ ተሞርዳ፣ ተወልውላ ትኖራለች። የሰፈራችን ሴቶች ስለዚህች ጥፍር ያላወራነው የለም። አንዷ «ስለት አለበት» ትላለች፤ ሌላዋ «ጆሮውን የሚኮረኩርባት ናት» ትላለች። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ቂጣ ስጠብስ ስለኖርኩ እውነቱን አውቃለሁ። በዚያች ጥፍር የላፕቶፕ ቁልፍ ይነቅልባታል። ነገሩ ይኸው ብቻ ስለሆነና ስለማያስቅ ለማንም አልተናገርኩም።

ሱቁን ሱቅ ማለት ይከብዳል። በመንደራችን በባንቱል መንገድ ዳር፣ በእኔ መጥበሻና በጎማ ለጣፊው መካከል የተሸጎጠች የቆርቆሮ ሳጥን ናት፤ ባለቤቱ ሲቀመጥ ደንበኛው ይቆማል። ፓንዶዮ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። አላገባም። ለምን እንዳላገባ ሦስት ምክንያት አውቃለሁ። ሦስቱንም የፈጠርኳቸው ራሴ ነኝ፤ አሁን ግን በሰው አፍ ዞረው ሲመለሱልኝ እኔም ማመን ጀምሬያለሁ።

ሙያውን ማንም አላስተማረውም። በልጅነቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥም ሁለት ብሎን ተረፈው፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ አጥርቶ ዘፈነ። አባትዬው እነዚያን ሁለት ብሎኖች እስኪሞት ድረስ «የልጄ ዲፕሎማ» እያለ በኪሱ ይዟቸው ዞረ።

ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እስከ መስጊዱ ጸሐፊ ድረስ፣ ቁልፍ የሞተበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እሱ አይቸኩልም። መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍቶ ያበራል። ከዚያ የሞተችውን ቁልፍ እንደ ተኛ ሰው ትከሻ ቀስ አድርጎ ይነካታል። ከዚያ ከመሳቢያው አሮጌ ኪቦርድ አውጥቶ በገመድ ይሰካል፤ በዚያኛው ከጻፈ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን የቁልፏ ነው ማለት ነው። ብሎን የሚፈታው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። «ሳትጠይቅ የምትቆርጥ ሐኪም አትሁን» ይላል። ለማን እንደሚናገር አላውቅም፤ አጠገቡ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ባለፈው በጋ አንድ ረፋድ ላይ ዊናርሲህ መጣች። የምባህ ጎንዶ፣ የአባባ ጎንዶ ማለት ነው፣ የልጅ ልጅ ናት። ላፕቶፕዋን በባቲክ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። እኛ ዘንድ የመጡበትን ጉዳይ ወዲያው መናገር ሰው ፊት እንደ ማዛጋት ነው። ስለዚህ ስለ ሙቀቱ ተወራ፣ የፓንዶዮ እናት ጉልበት እንዴት እንዳደረ ተጠየቀ፣ ሻይ መጣ፣ ሻዩም ተመሰገነ።

«ሻዩ ግሩም ነው፣ ማስ ፓንዶዮ» አለች፤ ማስ እኛ ዘንድ ወንድም ጋሼ ማለት ነው።

«ስኳር በዝቶበታል።»

«ስኳሩም ግሩም ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ያቀፍሽው ነገር ካላለቀሰ ለምን አመጣሽው?» ብዬ ከመጥበሻዬ ጮኽኩ።

«አይ ዩ ጂናህ፣ እንዲያው ሳልፍ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» አለች፤ ዩ ደግሞ እትዬ ማለት ነው። ከዚያ ብርጭቆዋን እያየች፣ «አንዲት ቁልፍ ትንሽ ደክሟታል መሰለኝ። ካልተመቸህ ግን ይቅር።»

«የቷ ናት?»

«‹አ› ናት።»

ጎማ ለጣፊው ሳይቀር ቀና አለ። እኛ በምንጽፍበት የላቲን ፊደል ፓም ናም ባም ያለ «አ» አይጻፉም፤ «አ» ሞተች ማለት የመንደሩ ግማሽ ሞተ ማለት ነው። ፓንዶዮን ያለ እሷ ጻፉት እስቲ! ዊናርሲህንም፣ ጂናህንም፣ ባንቱልን ራሷንም ሞክሩ። ከምናውቃቸው ሰዎች ሳይጎድል የሚተርፈው ጎንዶ ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ግን፣ እየጎደሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ምባህ ጎንዶ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳላንግ ነበሩ፤ መብራት ፊት ተቀምጠው የቆዳ አሻንጉሊቶችን ጥላ በሸራ ላይ ሲያጫውቱ፣ ለንጉሡም ለሌባውም ለልዕልቷም በአንድ ጉሮሮ ሲናገሩ የኖሩ። ካለፈው ዝናብ ወዲህ ግን ተረቶቻቸው እንደ ጥርስ አንድ በአንድ ይወልቁ ጀመር። ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት አንዲት አለች፤ ራሳቸው የፈጠሯት፣ በአደባባይ አንድም ቀን ያላጫወቷት። የንጉሥ ጃንጥላ ተሸካሚ ታሪክ ናት። ንጉሡ መንገድ ላይ ይጠፋል። ተሸካሚው ግን ወደ ጌታው ቀና ብሎ ማየት ነውር ስለሆነበት፣ ለባዶ አየር ጥላ እየሰጠ አርባ ዓመት ይሄዳል። ጃንጥላውን በመጨረሻ የት ያወርደዋል? ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እየረሳ ነው።

ዊናርሲህ ሁለት ወር ሙሉ፣ ምባህ ከቀትር ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ አረፍ ሲሉ፣ የሚሉትን በላፕቶፕዋ ስትጽፍ ከርማለች። የመጨረሻዋ ክፍል ብቻ ስትቀር «አ» እምቢ አለች። ይኸው ሦስት ቀኗ።

«ቤታችሁ እስክሪብቶ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ሞከርኩ፣ ዩ ጂናህ። ዝም ይላሉ። ዳላንግ ሲተርክ የአሻንጉሊቱን ሳጥን እያንኳኳ አይደል? የቁልፎቹን ድምፅ እንደዚያ ለምደውታል። ኳ ኳ ካላለ ቃሉ አይመጣላቸውም። ከጎረቤት ኪቦርድ ተውሼ ብሰካ ደግሞ ድምፁ በዛና ‹ማነው ፈረስ ቤት ያስገባ?› ብለው ተቆጡ።» ሻይዋን አስቀመጠች። «ትናንት የተሸካሚውን ስም ጠየቁኝ፣ ማስ። እኔን!»

ፓንዶዮ ላፕቶፑን ከባቲኩ ፈታ። አጠፋ፤ አበራ፤ ነካት። አሮጌውን ኪቦርድ ሲሰካ «አ» በእስክሪኑ ላይ ተሰልፋ መጣች። «ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው» አለ። እስካሁን የተጻፈውን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ሰጣት፤ በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ አጥፍቶ ባትሪውን ነቀለና ያቺን ጥፍር ከ«አ» ሥር አስገባ። ቁልፏ ጠቅ ብላ ተነሳች።

ወዲያው መልሶ ከደናት።

«ምነው?» አለች ዊናርሲህ።

«ቤቱ ሰው አለበት።»

መጥበሻዬን ትቼ አንገቴን አስገባሁ። እንደገና ሲከፍታት አየሁ። ቁልፏ የምትቀመጥባትን ትንሽ ጎማ ከሰሊጥ ያነሱ ነጫጭ እንቁላሎች ከበዋታል፤ በመካከላቸው ጥቃቅን ጥቁር ጉንዳኖች ይራወጣሉ። ቁልፏ ተጨቁና ወደ ታች የምትወርድበት ቦታ አጥታለች።

ዊናርሲህ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ምባህ ናቸው! በየምሽቱ የዘንባባ ስኳር ፍርፋሪ ከላፕቶፑ ጎን ሲያስቀምጡ አያለሁ። ለራሳቸው የሚበሉት መስሎኝ!»

ጥቁር ጉንዳን እንቁላሉን ይዞ ቤት ከገባ ሲሳይ ገባ ይባላል እኛ ዘንድ። ሽማግሌው ሲሳዩ ወደ ተረታቸው እንዲገባ ፈልገው ነው። ገባላቸው፤ ግን ተቀመጠበት።

«በአየር ብነፋው አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አለ ፓንዶዮ።

«አይሆንም! ባለፈው ጠረጴዛው ላይ አንዷን ብጨፈልቅ ‹እንግዳ በሚገደልበት ቤት ተረት አይጨረስም› ብለው ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።»

«ውሸት ምን አለ? በሰላም ሄዱ በያቸው» አልኩ።

«ዕድሜያቸውን ሙሉ በሌባ ድምፅ ሲዋሹ የኖሩትን ሰውዬ ማን ይዋሻቸዋል፣ ዩ ጂናህ?»

ፓንዶዮ ላፕቶፑን በባቲኩ መልሶ ጠቀለለና ሱቁን ዘጋ። በአሥራ አንድ ዓመት በቀትር ሲዘጋ ያ ሁለተኛው ጊዜ ነበር፤ የመጀመሪያው አባቱ የሞተ ለት ነው። እኔም እሳቴን አጥፍቼ ተከተልኩ። ዘይት ቢቀዘቅዝ ይሞቃል፤ ወሬ ግን አንዴ ከቀዘቀዘ አይበላም።

ምባህ ጎንዶ በረንዳው ላይ፣ በቀርከሃ አልጋቸው ተጋድመው ነጩን ግድግዳ ያያሉ። ፓንዶዮ ጎንበስ ብሎ አለፈና ከአልጋው ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምባህ፣ እንግዶችዎ ቤቱ ጠቧቸዋል። ሰፋ ያለ ላሳያቸው ብዬ ነበር፤ ከፈቀዱ።»

ሽማግሌው ሳይዞሩ፣ «በግድ?» አሉ።

«በስኳር።»

«ሽማግሌዎቻቸውን አስቀድም» አሉ።

ጉንዳኖቹ በየቦታው እንዳይበተኑ ፓንዶዮ ሰፊ ሳህን ውኃ ሞልቶ መሐሉ ላይ ጡብ አቆመ፤ ላፕቶፑን ጡቡ ላይ አስቀመጠ። ዊናርሲህ ከውኃው በላይ ስታየው መሐረቧን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ «አ»ንና ጎረቤቶቿን አምስቱን ቁልፎች አንስቶ በቅጠል ላይ ደረደራቸው። ጉንዳን ጣራው ሲነሳና ብርሃን ሲገባበት ለልጆቹ ጨለማ ይፈልጋል። ከዚያ ከላፕቶፑ ጠርዝ ወደ ውጭ አንድ ስንጥር ቀርከሃ እንደ ድልድይ ዘረጋ። በወዲያኛው ጫፍ አፈር የሞላው የኮኮናት ቅርፊት በቅጠል ተከድኖ ቆመ፤ ውስጡ አንድ ጉርሻ የዘንባባ ስኳር አለ።

ከዚያ ምንም አልሆነም። ረጅም ምንም። በግቢው ካለው ሳዎ ከሚባል የፍሬ ዛፍ ቅጠል ይወድቃል፤ ዶሮ ታልፋለች፤ ቆይቶ ሌላ ቅጠል ይወድቃል። እኔ እንኳ ዝም አልኩ፤ ያመናችሁኝ አይመስለኝም፣ ዊናርሲህን ጠይቁ። እያንቀላፋሁ ይሁን ነቅቼ አላውቅም፣ ውኃው ጣራው ላይ ብርሃን ሲያወዛውዝ ቤቱ በሙሉ በዝግታ የሚንሳፈፍ ጀልባ መሰለኝ።

መጀመሪያ አንዲት ወጣች። ድልድዩን ሄደችበት፤ ተመለሰች። ነገር ነግራ መሆን አለበት፤ አሥር ወጡ። ፀሐዩ ዘንበል ብሎ የከሰዓት በኋላው አሱር ሶላት ሲቃረብ የጉንዳኖቹ መንደር በሙሉ ተነሳ። እያንዳንዷ አንድ ነጭ እንቁላል ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

ፀሐዩም ዝቅ ብሎ በረንዳው ውስጥ ገባና የድልድዩን ጥላ በግድግዳው ላይ ጣለው። ምባህ ጎንዶ የሚያዩት ግድግዳ ነበር። የጉንዳኖቹ ጥላ በሰልፍ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ከራሱ በላይ አንድ ክብ ነገር ተሸክሟል።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው በአየር ላይ የሆነ ነገር ያዘ። ግራ እጃቸው ግን አልጋው ላይ የሚያንኳኳበት ነገር ይፈልጋል፤ ጣቶቻቸው ቀርከሃውን ይዳብሳሉ፣ ድምፅ ግን አላወጡም። ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ፓንዶዮ ካቻቢቴውን ገልብጦ በእጀታው የአልጋውን እግር መታ። ኳ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ ኳ ኳ።

«ዝናብ ጀመረ» አሉ ምባህ ጎንዶ። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም።

ዊናርሲህ ዘላ ተነሳች። ላፕቶፑ ውኃ መሐል ነው! ከሽርጤ የቴምፔ መጠቅለያ ወረቀቴን አወጣሁላት፤ እርሳሱን ከፓንዶዮ ጆሮ ላይ ነጠቀችው።

«ተሸካሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ከጃንጥላው ሥር ማንም የለም። ‹ጌታዬ፣ ከጠፉ ስንት ዘመን ሆነዎት?› አለ። የመለሰለት ግን ዝናቡ ነው። ወደ መሬት ቢያይ ጉንዳኖች ልጆቻቸውን ተሸክመው ከጎርፍ ይሸሻሉ።»

ኳ ኳ።

«ጃንጥላውን አወረደ። ከመንገዳቸው በላይ ተከለው። ‹ቀስ ብላችሁ እለፉ፣ ጌቶቼ› አላቸው። እሱ ዝናቡ ውስጥ ተቀመጠ። ክንዱ ባዶ ሆኖ ቢያየው የማን ክንድ እንደሆነ ጠፋው። ሳቀ።»

ቀኝ እጃቸው ከፍ አለና፣ ዳላንግ ጨዋታው ሲያበቃ የመጨረሻውን አሻንጉሊት በሙዝ ግንድ ላይ እንደሚተክል፣ አየሩ ላይ ተከለው። ከዚያ ተጋደሙ። ፍጻሜው ድሮ ያሰቡት ይሁን ወይስ ያን ከሰዓት ከግድግዳው ያገኙት፣ አላውቅም። ዊናርሲህም አልጠየቀችም።

የመጨረሻዋ ጉንዳን ስትሻገር ፓንዶዮ ድልድዩን አነሳ። ቅርፊቱን ከሳዎው ዛፍ ሥር አኖረው። ጎማዋን ስፒሪት በነካ ጥጥ ጠርጎ አደረቃት፤ አምስቱንም ቁልፎች ጠቅ ጠቅ እያደረገ መለሰና ባትሪውን ገጠመ። «አ»ን ነካት። በእስክሪኑ ላይ አንዲት ብቻ፣ ትንሽ፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሂሳቡስ?» አለች ዊናርሲህ።

«ሻይ እንዳይጠጋው ብቻ» አለ፤ ሳንቲም አልተቀበለም። እንግዲህ ይህን ሰው የትኛዋ ታግባው!

በማግስቱ ጠዋት ጻፈችው፤ ዘይት የዋጠው ቃል ላይ ስትደርስ እኔና ፓንዶዮ እያስታወስንላት። ከቀትር በኋላ አጠገባቸው ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ጃንጥላው ሲተከል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ተረት ነው» አሉ። «የማን ነው?»

ዊናርሲህ ወደ ፓንዶዮ ዞረች። የመለሰው ፓንዶዮ ነው። «የአንድ የባንቱል ዳላንግ ነው፣ ምባህ።»

«ሥራውን ያውቃል። መሐሉን አስረዝሞታል እንጂ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «በሕይወት አለ?»

«አሉ እንጂ!» አልኩ። «ዛሬም ሩዛቸውን ጥርግ አድርገው በልተዋል።»

«እንግዲያው አንድ ቅጂ ስጡት። በዚህ ዕድሜ ሰው ይረሳል።»

ፓንዶዮ በሞተር ሳይክሉ ሄዶ አሳትሞ መጣ። ወረቀቱ ገና ይሞቅ ነበር። በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው። ምባህ ጎንዶ ዳርና ዳሩን አስተካከሉ፣ አጥፈው ከትራሳቸው ሥር አስገቡት፣ መዳፋቸውንም ትራሱ ላይ አኖሩ።

«እኔ አደርስለታለሁ» አሉ።