ስልሳ አንበሳና ስልሳ ነብር

ዝምታ የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ጻድቁን ለመሣል ሱባኤ ገባሁ። ገዳሜ ሲያትል ስካይዌይ ሰፈር ያለው የቤታችን ጋራዥ ነው፤ መኪናዋን ለዝናብ አሳልፈን ሰጠናትና እኔ ከልጆቹ ብስክሌትና ከሣር ማጨጃው ጋር መነንኩ። ሥዕል ያስተማሩኝ መሪጌታ፣ የመናኝ ሥዕል ሰው ባለበት አይሠራም ይሉ ነበር። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ጾመው፣ ዋሻ ዘግተው ነበር አሉ የሚሥሉት። እኔም ከምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ስልኬን ለባለቤቴ አስረክቤ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ፌዘኛ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን የጋራዡን በር አንኳኩቶ፣ "እና፣ ጻድቁ የእናታቸውን ጡት እንኳ አልጠቡም ይባላል። ያንቺን ምሳ እኔ ልብላው?" አለኝ። የዝምታ ሱባኤዬ እዚያው ላይ ፈረሰ። የመለስኩለት ነገር ለጽሑፍ አይሆንም።

ሥዕሉን ያዘዙኝ፣ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ የአረጋውያን አፓርታማ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጃቸው ያለው ቴክሳስ ነው። የፈለጉት በዚያ በጥንት ዘመን በረሃ ለበረሃ ብቻቸውን የኖሩትን፣ የገዛ ጸጉራቸው ልብስ የሆነላቸውን ጻድቅ ነው፤ ለመኝታ ቤታቸው ግድግዳ።

በጀመርኩ ማግስት በአውቶቡስ መጡ፤ ዳገቱን በከዘራ ወጥተው። "ልይ ብዬ ነው" አሉ። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ገና እርሳስ ነው። በሚቀጥለውም ቀን መጡ። "ልጄ፣ ጸጉራቸው አጠረ" አሉኝ፤ አስረዘምኩት። በማግስቱ ደግሞ "አሁንስ በዛ፤ እግራቸው ጠፋ" አሉ፤ አሳጠርኩት። ሻይ ጠጡ፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሐኪማቸው፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት አጫወቱኝ። በዚያ ሰሞን በሲያትል እንደኔ ያወራ መናኝ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን አውሬዎቹ ላይ ደረስን። በሥዕል ልማዳችን ሦስት አንበሳ በአንድ ወገን፣ ሦስት ነብር በሌላው ይቆማሉ፤ የቀረውን ምእመኑ በልቡ ይሞላዋል።

"የቀሩትስ?" አሉኝ።

"የትኞቹ፣ አባባ?"

"ስልሳ አንበሳና ስልሳ ነብር አይደል አብረዋቸው የኖሩት? ሁሉም ይግቡ እንጂ።"

"ሰሌዳው እኮ ከትሪ አይበልጥም። ያን ሁሉ ካስገባሁ ጻድቁ ራሳቸው መውጣታቸው ነው።"

"ግድ የለም፣ ቀስ እያልሽ። እኔ አልቸኩልም። ነገ መጥቼ አያለሁ።"

ይኼን "ነገ" ስሰማ ትዕግሥቴ ተሟጠጠ። የፈቃዴ ቀን እያለቀ ነው፣ የጻድቁ ፊት ገና ባዶ ነው። በተቻለኝ ለስላሳ አፍ፣ "አባባ፣ ሥራው ጸጥታ ይፈልጋል። ሲያልቅ እኔ ኮል አደርግልዎታለሁ" አልኳቸው። "ኦኬ ልጄ" ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላማ እጄ ፈታ አለ። አንበሶቹ ቆሙ፣ ነብሮቹ ተዥጎረጎሩ፣ የጻድቁ ዓይኖች እንደ ወጉ ትልልቅና ክፍት ሆኑ። ለካ መሪጌታ እውነታቸውን ነው ብዬ ተኮፈስኩ። ባለቤቴ እንኳ ሳያፌዝ አይቶ አደነቀልኝ። ደወልኩ፤ አዛውንቱ ጉልበቴ አመመኝ ስላሉ ሥዕሉን ይዤላቸው ሄድኩ።

በሩን ከፈቱ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ በርቷል፤ አንድ ወንበር ብቻ መስኮቱ ሥር አለ። ሥዕሉን ተቀብለው ተሳለሙት። አገላብጠው አዩት፣ ደግመው ተሳለሙት፣ ከዚያ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

"አላለቀም" አሉ።

"አንበሶቹን ነው?" ሳቄ መጣ። "አባባ፣ ስልሳውን የሚሥል ሠዓሊ የለም።"

"አውቃለሁ።" ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "ከወሰድኩት ግን ምን ብዬ እመጣለሁ?"

ለካ ይኼን ያህል ጊዜ ጋራዥ ዘግቼ የፈለግሁት በረሃ፣ በእሳቸው ተመስሎ በአውቶቡስ እየመጣ ሻይ ሲጠጣ ነበር። ሥዕሉን በነጠላዬ ጠቀለልኩና ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

"እውነትዎን ነው፣ አላለቀም" አልኳቸው። "አራተኛው አንበሳ የት እንደሚገባ ግን ለእኔ አልታየኝም። ነገ መጥተው ያሳዩኛል።"