ለዚህ ማሽን ብቻ

በሰፈሯም በመሥሪያ ቤቷም ሞተሬ ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ገና ልጅ ሳለች ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ ኮቴዋን ሰምቶ «መጣች ሞተሬ!» አለ፤ በዚያው ቀረ። ስታወራ ትቸኩላለች፣ ስትበላ ትቸኩላለች፣ ሰው ወሬ ሲጀምርላት መጨረሻውን ቀድማ ትነግረዋለች። የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኗ ነው። ባይሆን ኖሮ ሰው ገና ድሮ አደብ ባስገዛት ነበር።

ወንድሟ የዓይኑን ብርሃን ያጣው በሕመም ነው፣ ገና ተማሪ ሳለ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ አንባቢ እሷ ሆነች። የትምህርት መጽሐፉን፣ ጋዜጣውን፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የሚመጣለትን መልእክት ሁሉ እሷ ነበረች የምታነብለት። ታዲያ አነባበቧም እንደ አካሄዷ ነው። የማይረባ የመሰላትን ትዘላለች፣ የረዘመውን ታሳጥራለች፣ «ከዚህ በኋላ ያለው ዝም ብሎ ወሬ ነው» ብላ ገጽ ትገልጣለች። ማንም አልሾማትም። ግን ከልቧ ትወደዋለች፤ ጊዜውን እየቆጠበችለት ይመስላት ነበር።

ስታድግ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነች። የምትሠራው ትልልቅ ማሽኖች የተደረደሩበት፣ በበጋም ሹራብ የሚያስለብስ ክፍል ውስጥ ነው። ሙያዋ ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ መገንባት ነው። ነገሩ ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ይህን ያህል አይከብድም። ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ነው፤ ሶርስ ኮድ የሚባለው እሱ ነው። ኮምፓይለር የሚሉት ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ያንን ጽሑፍ ማሽኑ ወደሚገባው ነገር ይለውጠዋል። ለኮምፓይለሩ ሥራውን ሲጀምር አጫጭር ትዕዛዞች ይሰጡታል፣ ፍላግ ይሏቸዋል። ይህን አጥብቀህ ፈትሽ፣ ያንን እለፈው፣ ይኸኛውን አፍጥነው እንደ ማለት ነው። ሞተሬ የትኛውን ዓይነት ፍላግ እንደምትወድ መናገር አያስፈልግም።

የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት የደንበኛ አቤቱታ በስልክ የሚቀበል ሰው ሲፈልግ ወንድሟ ተወዳደረ። ድምፁ ያማረ ነው፣ ሰው ሲጮህበት አይጮህም፣ የሰማውን አይረሳም። የአቤቱታ ክፍሉ ኃላፊ ገና አንድ ጊዜ ስታነጋግረው ወደደችው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የየሰፈሩ የውሃ ሁኔታ የሚመዘገበው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ተዘጋጅቶ የሚገኘው ፕሮግራም ቋንቋቸውን የሚያነበው እየተንተባተበ ነው። አጥርቶ የሚያነበው አዲሱ ደግሞ ገና በሶርስ ኮዱ ብቻ ነው ያለው። ሞተሬ ይህን ስትሰማ «በቃ፣ ይሄን ለእኔ ተወው» አለች አፏን ሞልታ።

በመሥሪያ ቤቷ አዲስ ማሽን ላይ ገነባችው። ሞከረችው፤ ጥርት፣ ፍጥን ብሎ አነበበ። ወንድሟ ሰምቶ ፈገግ አለ። በፍላሽ ገለበጠችና ዓርብ ጠዋት አብረው ሄዱ።

የአቤቱታ ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ገመዳቸው የተጠማዘዘ ሁለት ስልክ፣ ቁልፎቹ ላይ ያሉት ፊደላት የተፋቁ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ሞተሬ ፕሮግራሙን ጫነችና አስነሳችው። ድምፅ የለም። አንዲት መስመር ስክሪኑ ላይ ወጣች፣ ፕሮግራሙም ሞተ።

ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ አነበበች። «‹ሕገ ወጥ ትዕዛዝ› ነው የሚለው? ምንድነው ያመጣችሁብኝ እናንተ?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም! አባባሉ ነው፤ ማሽኑ የማያውቀውን ነገር ሲያዙት እንደዚህ ይላል» አለች ሞተሬ፣ ላቧ ጠብ ጠብ እያለ። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። ወንድሟ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆሟል፤ ፈገግታው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየችው።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም። «ወንድሜ» አለችው ወደ እሱ ዞራ፣ «እኔ እርስዎን ባገኝ ደስታዬ ነው። ግን ስልኩ አይጠብቅም። ሰኞ ጠዋት ይሄ ኮምፒውተር ካነበበልዎት ወንበሩ የእርስዎ ነው። ካላነበበ ግን ከእርስዎ ቀጥሎ የወጣውን ሰው ከመጥራት ሌላ ምንም ማድረግ አልችልም።»

አውቶቡስ ውስጥ ሞተሬ ገና ሳይቀመጡ መፍትሔውን አገኘች። «ሰኞ የእኔን ላፕቶፕ ይዘህ ትገባለህ። እሱ ላይ ይሠራል፣ አለቀ።»

«አላለቀም» አለ ወንድሟ።

«ለምን?»

«ላፕቶፑ ሲበላሽ ማንን ልጠራ ነው?»

«እኔን ነዋ!»

«ይኸው» አለ ወንድሟ። «ሞተሬ፣ ይሄን ሥራ ለምን እንደምፈልገው ታውቂያለሽ? ቀኑን ሙሉ አንቺን ሳልጠራ መዋል እፈልጋለሁ። ስለጠላሁሽ እንዳይመስልሽ።»

እንደጠላትማ አልመሰላትም፤ ግን ሆድ ባሳት። እስኪወርዱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እሷን የሚያውቅ ሰው ቢያይ ታማለች ብሎ ግንባሯን ይዳብሳት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማዕድ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጋ ላፕቶፗን ዘረጋች። ላፕቶፑም እንደ መሥሪያ ቤቷ ማሽን አዲስ ነው፣ መሥሪያ ቤቷ የምትጠቀምበትን ኮምፓይለር ከነማስተካከያ ፋይሉ ጭናበታለች። መሞከሪያ እንዲሆናት ደግሞ ከወንድሟ አልጋ ሥር አሮጌ ኮምፒውተሩን ጎትታ አወጣች፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ማሽን እኩያ ነው። ከዚያ የፕሮግራሙን ጸሐፊዎች ማማት ጀመረች። አንድ የማይሆን ፍላግ ጨምረውበት መሆን አለበት፣ ማን ያውቃል ምን እንደሚያስቡ! የግንባታ ፋይሎቻቸውን አንድ በአንድ በረበረች። የጠረጠረችውን ፍላግ አወጣች፣ ገነባች፣ አሮጌው ላይ ሞከረች፤ ሞተ። ሌላ አወጣች፣ ገነባች፤ ሞተ። ስድብ አማራት፤ ትንሽ ተሳደበችም።

ወንድሟ ፊት ለፊቷ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። «ኮምፓይለሩ ሲሠራ ምንም አይናገርም እንዴ?»

«መናገርማ ይናገራል፤ የታዘዘውን ሁሉ መስመር በመስመር ይለፈልፋል። ዝም አሰኝቼው ነው። ማንም አያነበውም።»

«እስኪ አንብቢልኝ።»

«ጋሼ፣ ጤና የለህም?»

«ሌላ የቀረሽ መላ አለ?»

አልነበራትም። ልፍለፋውን ከፈተችና የመጀመሪያዋን መስመር ይዛ ጀመረች። «እሺ፤ ኮምፓይለሩን ይጠራዋል። አጥብቀህ ፈትሽ ይለዋል። በደንብ አፍጥን ይለዋል። ከዚያ የፋይሉ ስም…»

«ዘለልሽ።»

«አልዘለልኩም!»

«ሞተሬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እየተዘለለልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስትዘልዪ ትንፋሽ ትስቢያለሽ። አሁንም ሳብሽ።»

ክው አለች። ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት ቀን እንኳ ነቅቷል ብላ አታውቅም። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልሽ? ተቀይመሽ ብትተዪኝ ማን ያነብልኝ ነበር?»

ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው፤ ሻዩን እያማሰለ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እንባዋ መጣ፤ እሱ እንደማያይ ብታውቅም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አሁን ሳትዘልዪ አንብቢልኝ» አላት።

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ ቃል በቃል ማንበብ ያዘች። አጥብቀህ ፈትሽ። በደንብ አፍጥን። ለዚህ ማሽን ብለህ ሥራ። እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ።

«ይሄ ፍላግ…» አለች፤ ቀጥላም ስታስረዳው ለራሷም ገባት። ኮምፓይለሩ የተቀመጠበትን ማሽን አይቶ፣ ያ ማሽን የሚችለውን አዲስ ነገር ሁሉ ተጠቅሞ እንዲሠራ የሚያዝ ፍላግ ነው። ፕሮግራሙ እዚያ ማሽን ላይ ይበራል። ያንን ችሎታ ወደሌለው አሮጌ ማሽን ሲወሰድ ግን የማያውቀው ትዕዛዝ ይመጣበትና እዚያው ይወድቃል።

«ታዲያ ማን ጨመረው? ጸሐፊዎቹ?»

የእነሱን ፋይሎች ስትበረብር ነው የዋለችው፤ እዚያ የለም። የራሷን የማስተካከያ ፋይል ከፈተች። መጀመሪያ አዲስ ማሽን የተሰጣት ጊዜ፣ የምትገነባው ነገር ሁሉ እንዲፈጥንላት፣ በገዛ እጇ ጽፋ የረሳችው መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያየው በምትሠራው ሁሉ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። ሰው ስታማ ውላ ጥፋቱ እቤቷ ተገኘ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«በይ አጥፊያት» አለ ወንድሟ።

እሷ ግን ከመስመሯ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። ለእሱ ብላ የሠራችው ሁሉ፣ ንባቡም፣ ፕሮግራሙም፣ አውቶቡስ ላይ ያመጣችው መላም፣ በእሷ ልክ የተሰፋ ነበር። ይህን ማወቅ አሳፈራት።

መስመሯን አጠፋች። ግንባታ ሲደገም አንዴ የተሠራው አይደገምም፣ የተለወጠው ብቻ ነው የሚነካው፤ ስለዚህ በአሮጌው ትዕዛዝ የተሠራው ሁሉ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። በሌላ ቀን ብትሆን በዚያው ትሞክረው ነበር። አሁን ግን የተገነባውን በሙሉ ደምስሳ ከሀ ጀመረች፣ የሚወጣውንም መስመር ጮክ ብላ እያነበበችለት ጠበቀች። ብዙ ቆየ። ወንድሟ መሃል ላይ «አሁንስ እውነትም አሰልቺ ነው» ብሎ ሳቀ፤ እሷ ግን አላቆመችም።

አሮጌው ኮምፒውተር ላይ አስነሱት። ዝም አለ። «አሁንም አል…» ብላ ስትጀምር ድምፁ መጣ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ዘረዘረው።

«የእኔው ላይ ከዚህ ይፈጥን ነበር» አለች ቅር እያላት።

«ለእኔ በቂ ነው» አላት።

እሁድን ሙሉ ፕሮግራሙን መጫን ተለማመደ፤ እሱ በቁልፎቹ፣ እሷ እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ። እንዳትነካ ብላ ነው፤ ሌላ መንገድ አልነበራትም። ሰኞ ጠዋት የአቤቱታው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ወንድሟ እጁን ዘረጋ፣ ፍላሹን ሰጠችው። «አንቺ እዚህ ሁኚ» አለና በትሩን እያስቀደመ ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግማ ተቀመጠች። ከበሩ ወዲያ ምንም አይሰማም። አሥር ጊዜ ልትገባ ብድግ ብላ አሥር ጊዜ ተመለሰች። በመጨረሻ ያ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው የኃላፊዋ ሳቅ ተከተለ። ወጥቶ እስኪነግራት ጠበቀች። ስልክ ጮኸ፣ ወንድሟ አነሣው። ከዚያ ሌላ ስልክ ጮኸ። ማንም ሊነግራት እንደማይወጣ ሲገባት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማታ ማታ ሲመጣ «ደህና ነበር» ይላታል እንጂ ቀን ላይ አልደወለም። ሰኞም አልደወለም፣ ማክሰኞም። ድሮ እንኳ በቀን ስንት ጊዜ ነበር «ሞተሬ፣ እስኪ ይህን አንብቢልኝ» የሚላት፤ ያኔ ሥራ ታስፈታኛለህ ብላ ትነጫነጭ ነበር። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ አልቻለችም። የውሃ መሥሪያ ቤቱን ቁጥር ደወለች።

«ውሃ መሥሪያ ቤት ነው፤ እንደምን ዋሉ? ምን ልታዘዝ?»

እሱ ነው። «ውሃ… ውሃ ጠፍቶብን ነበር» አለች ድምፅዋን አወፍራ።

«ይቅርታ እመቤቴ፤ የት ሰፈር ነው?»

የራሳቸውን ሰፈር ነገረችው። የቁልፎቹ ኳኳታ፣ ከኋላውም የዚያ ፕሮግራም ድምፅ ተሰማት፤ አንድም ሳይዘል ሲያነብለት አዳመጠች።

«እመቤቴ፣ መዝገቡ እዚያ ሰፈር ውሃ አለ ነው የሚለው። እኔም ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ነው የወጣሁት።»

አፏን በእጇ ከደነች። ሳቅም እንባም ነው የመጣባት። «ጋሼ… እንዲያው ደህና መሆንህን ልሰማ ብዬ ነው።»

«ደህና ነኝ፣ ሞተሬ። ወረፋ የያዘ ሰው አለ። ልዝጋው?»

«ዝጋው» አለችው።

ዘጋው።