ሊፒስቲኩና የነሐሱ ጊር

ዛሬ ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ መስታወት አውጥታ ሊፒስቲክ ተቀባች። ሹፌሩ ደግሞ እግሩ ሥር ቤንዚን የጠጣ ጨርቅ ወሽቋል። ሁለቱ ሽታዎች ሲቀላቀሉ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ የልጅነቴ ጋራዥ ውስጥ ደረሰ። ብቻዬን ሳቅሁ። ልጅቷ በእሷ የሳቅሁ መስሏት ገላመጠችኝ። ለእሷ ከየት ጀምሬ አስረዳታለሁ? ለአንቺ ግን ልንገርሽ።

ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባባ በእሸት ቡና ወቅት በአሮጌ ፒካፑ ከሸኮ ገጠሮች ቡና እየጫነ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያደርስ ነበር። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልደረሰ ጆንያው ውስጥ ይሞቅና ይበላሻል። ስለዚህ በዚያ ዳገትና ጭቃ ጉልበት ያለው መኪና ያስፈልጋል ብሎ የፒካፗን ሞተር አወጣና አዲስ አበባ ይወዳደር ከነበረ መኪና የወረደ ሞተር አስገባባት። ድምፁ ከሩቅ ይለይ ነበር። ዳገቱን ስትጀምር እኛ ገና ቤት ውስጥ ሆነን "መጣ" እንባባላለን።

ታላቅ እህቴ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በዚያው ዓመት ነው። አባባ ጉልበቱን ያመው ስለነበር፣ "መኪናዋ ጤና ስትሆን መሪው ያንቺ ነው" ብሏት ነበር። መኪናዋ ግን ጤና አልሆን አለች። መሐል መንገድ ላይ ታስልና ጭጭ ትላለች። ጥፋቱ ከእንቁላል የማትበልጥ አንዲት ጊር ጋ ነበር። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር የሚዞረው በእሷ ነው፤ እሷም ሞተሩ ውስጥ ካለው፣ ካምሻፍት ከሚባለው ዘንግ ጋር ጥርስ ለጥርስ ተናክሳ ትዞራለች። ለውድድር የተሠራው ካምሻፍት ደግሞ ብረቱ ከተለመደው የጠነከረ ነው። የመጀመሪያዋን ጊር በላት። የተተካችውንም በላት። ጥርሶቿ እንደ ምላጭ ሰልለው ወጡ።

ያን ቀን አባባ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ "አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። የሚቀጥለውንም ከበላው ሞተሩን አውርጄ እሸጠዋለሁ፤ ፒካፗም ትሸጥ፤ በቃኝ" አለ። እህቴን አላያትም። እሷ ግን እኔን አየችኝ።

የጋራዡ ባለቤት የአባባ የድሮ ጓደኛ፣ ከጅማ የመጣ መካኒክ ነበር። ደጃፉ ላይ ያለው ጭቃ በዘይት ከመጥቆሩ የተነሳ ዝናብ ባባራ ቁጥር ኩሬዎቹ ላይ ቀስተ ደመና ይተኛ ነበር። መካኒኩ ሁለት አዳዲስ ጊሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዷ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጠንካራ ብረት ናት፤ ሌላዋ ቢጫ ነሐስ።

አባባ ወዲያው ብረቷን አነሳ። "ይቺ ናት ወንድ።"

"ወንድነቷን ካምሻፍቱ ላይ ታሳይሃለች" አለ መካኒኩ። "ጠንካራና ጠንካራ ሲፋጩ ማንኛው እንደሚበላ አይታወቅም። ካምሻፍቱ ከተበላ ሞተሩ በሙሉ መፈታቱ ነው። ነሐሷ ለስላሳ ናት። ብታልቅ እሷ ብቻ ናት የምታልቀው።"

"እና እያወቅሁ የሚያልቅ ዕቃ ልግጠም?"

የመለሰችለት እህቴ ናት። "አባባ፣ የፍሬን ሸራስ አያልቅም? ጎማስ? በጎማ ተቆጥተህ አታውቅም።"

"ጎማ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላ?"

አባባ ብረቷን በእጁ ማገላበጥ ጀመረ። መካኒኩ ካቻቢቴ የወደቀበት አስመስሎ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ሹፌሯ ፈርዳለች" አለ ቀና ሲል፣ "ወላሂ ይግባኝ የለውም።"

"እሺ። ግን ያልኩት ያልኩት ነው" አለ አባባ፣ ብረቷን ወደ ቦታዋ እየመለሰ።

መምረጡ የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። አዲሷ ጊር ቀዳዳ የላትም። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ትክክለኛ ቦታዋ ሲገኝ ነው ተበስታ በፒን የምትታሰረው፤ አንዴ ከተበሳች በኋላ ማረም የለም። ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ካለች ጥርሶቹ በጠርዛቸው ብቻ ይነካካሉ፤ ያ ማለት ያው መበላት ነው። የት ጋ እንደሚነካኩ ለማየት ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። መካኒኩ ጥቀርሻ በቅባት ለውሶ ሞከረ፤ ነሐሱ ላይ ተንሸራቶ ጠፋ። አባባ "የግድግዳ ቀለም ላምጣ?" ሲለው፣ "ይደርቅና ይፈረፈራል" አለ። "የማይደርቅ ነገር ነው የምፈልገው። የሚጣበቅ፣ ደማቅ።"

እንደዚያ ያለ ነገር እኔ ነበረኝ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ፣ በአንድ እግር ካልሲ ተጠቅልሎ።

አባባ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው። ከንፈር መቀባት እኛ ቤት ወሬውም አይነሳም። ሊፒስቲኩን ከክፍል ጓደኛዬ በፀጉር ማስያዣ ለውጬው፣ የምቀባው በእረፍት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ደወል ሲደወል እጠርገዋለሁ። እህቴን አየሁ። ጥፍሯን እየበላች ጊሯን ታያለች። ካልሲውን ፈታሁት።

"ይሄ ይሆናል?"

አባባ፣ "የማን ነው?" አለ።

"የኔ ነው" አለች እህቴ ወዲያው።

"የኔ ነው" አልኩ እኔም።

መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ አየው፤ በሙቀት ለስልሶ ነበር። "ባለቤቱ በኋላ ይጣራል" አለ። "ዕቃው ግን አንደኛ ነው።"

እህቴ በትንሿ ጣቷ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቀባች። ዲስትሪቢዩተሩ ቦታው ገባ፣ መካኒኩ ሞተሩን በመፍቻ ይዞ በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረው፣ መልሰው አወጡት። ቀዩ የተጠረገው ታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ነበር። አባባ ሳይጠራ መጥቶ ጎንበስ አለ። ጊሯን በጥቂቱ ገፍተው እንደገና ቀቡ፣ እንደገና አስገቡ። እኔ ሊፒስቲኩን እንደ ሻማ ይዤ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ቀዩ መሐል ለመሐል ተጠርጎ፣ በየጥርሱ ላይ ንጹሕ ቢጫ መስመር ወጣ።

"እዚህ ጋ ብሳው" አለች እህቴ። መካኒኩ አባባን ዞሮ አላየውም። በሳው።

ከሊፒስቲኩ የቀረው ጥፍር የሚያህል ነበር። አባባ ክዳኑን ከመሬት ፈልጎ አነሳ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ ከደነውና እጄ ላይ አስቀመጠው። የማን እንደሆነ ቤት ስንገባም አልጠየቀም።

ሳምንቱን ሙሉ የነዳው እሱ ነው። እህቴ ልብስ እያጠበች የሞተሩ ድምፅ በሩቁ ሲመጣ እጇ ውሃው ውስጥ ቀጥ ይላል፤ ሳያስል ሲያልፍ ማሸቷን ትቀጥላለች። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ዲስትሪቢዩተሩን ፈታነው። አባባ ጊሯን በቤንዚን ጨርቅ አጸዳና በአውራ ጣቱ ጥፍር ጥርሶቹን ዳሰሰ። ሙሉ ነበሩ፤ መሐላቸው ብቻ እንደ ተወለወለ ማንኪያ ያበራል።

"አልበላትም" አለ።

"ይበላታል እንጂ፣ በቀስታ" አለ መካኒኩ። "በየጊዜው አውጥታችሁ እዩዋት።"

"እኔ አያታለሁ" አለች እህቴ። አሁንም የምታያት እሷ ናት፤ የመቀየሪያዋ ጊዜ ሲደርስ ማንንም አትጠራም።

ከተገጠመች በኋላ አባባ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ኮፈኖው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በመኪናዋ ዞሮ በተሳፋሪው በኩል ሄደ። በሩን ቢስበው አልከፈት አለው። ያ በር ከፍ ተደርጎ ካልተሳበ እንደማይከፈት አያውቅም ነበር፤ በዚያ በኩል ገብቶ አያውቅማ። እኔ ነኝ ከፍቼ ያሳየሁት።

ባዶ ጆንያዎች ጭነን፣ እኔ መሐል ተቀምጬ፣ የቴፒን መንገድ ያዝን። ጫካው ውስጥ ስንገባ ፀሐዩ በቅጠሉ መሐል እየተቆራረጠ የእህቴ ክንድ ላይ ይወርዳል። እርጥብ አፈርና ኮረሪማ ይሸታል። አባባ ጠመዝማዛው በመጣ ቁጥር በቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

"ቀስ በይ።"

"እሺ አባባ።"

"ማርሽ ቀንሺ።"

"ቀንሻለሁ አባባ።"

ሸኮን እንዳለፍን የአባባ ድምፅ ጠፋ። የተቀየመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። ራሱን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ተኝቷል። መኪና ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ መሪውን ስጪኝ ብሎ አልጠየቃትም።

ጉድጓድ ላይ ስንነቀነቅ ይባንናል ብዬ ነበር። እጁን የሚያመው ጉልበቱ ላይ አደላድሎ ቀጠለ። በዓይኔ ለእህቴ አሳየኋት። እሷም አይታ እግሯን ከቤንዚኑ ላይ ላላ አደረገች፤ ያ ትልቅ ሞተር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እስከ ቴፒ ድረስ እንደዚያው በዝግታ ወረድን።