እርጥቡ ጋቢ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። አሮጌ የመኪና ዘይት እያጣሩ የሚሸጡ ሰዎች የሚደፉትን ጥቁር አተላ ከከሰል ድቃቂና ከውኃ ጋር በጥብጣ ማገዶ ልታደርገው ጓሮዬ ውስጥ ምድጃ ሠራች።

ውኃ ስትል ደነገጥኩ። የጋለ ዘይት ላይ ውኃ ጠብ ሲል እንዴት እንደሚፈነጥቅ መጥበሻ የያዘች ሴት ሁሉ ታውቃለች። እሳቱ ከያዛት እጠቀልላታለሁ ብዬ ጋቢዬን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ እየተንጠባጠበ ታቅፌው ከኋላዋ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ልትገንዢኝ ነው እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«ዝም በይና ፊትሽን ከምድጃው አርቂ!»

«ውኃው እኮ ከዘይቱ ጋር እንደ አጥሚት ተዋሕዷል፤ አይፈነጥቅም።»

«አጥሚትም ይገነፍላል» አልኳት።

ለኮሰችው። ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ጠራሁ። የሰማሁት ግን እንደ ላምባ ምድጃ እፍ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ልጄ ቅንድቧ እንኳ ሳይነካ ቆማለች፤ እሳቱም አርፎ ይነዳል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋቢው ቀሚሴን አርሶት ኖሮ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሲመጣ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ልጄ ጋቢውን ተቀብላ ጨመቀችና ምድጃው አጠገብ አሰጣችው።

በዚያው በፈራሁት እሳት ደረቀ። አሁንም ስለብሰው ዘይት ዘይት ይሸታል፤ እኔ ግን አላጥበውም።