ሰው ሲበላ ማየት

እህቴ ፊልም የምታየው በሆዷ ነበር። መቀለዴ አይደለም። በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ዓባያ ሐይቅ አጠገብ ባለችው ሲቀላ ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት። ባሏ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅሎላት፣ የምሳ ሰዓት ግርግር ሲያልፍ የህንድ ፊልም ይከፈታል። ደንበኛው ፍቅሩን፣ ድብድቡን፣ ጭፈራውን ያያል፤ እሷ ማዕድ እስኪቀርብ ትጠብቃለች። ሳህን ብቅ ካለ አቁሙልኝ ብላ ከጓዳ ትሮጣለች። እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ቴሌቪዥኑ ሥር ቆማ፣ ያ ቢጫ ወጥ እርድ ይሁን ሌላ፣ ቂጣውም በምን እንደተነፋ ትመረምራለች። ተዋናዩ የውሸት የሚያላምጥ ከሆነማ አይጣል ነው፤ ምግቡ ቀዝቅዞበታል ብላ ትሰድበዋለች።

በማግስቱ ያየችውን ትሞክራለች። ቋንቋውን አታውቅ፣ ቅመሙን አታውቅ፣ በቀለም ብቻ። የዓባያን አሳ በእርድና በቲማቲም አንተክትካ፣ የሀለኮ ቅጠል ከጎኑ አድርጋ፣ "የሙሽራዋ ምሳ" ብላ ስም ታወጣለታለች። አንዳንዱ ይጥማል፤ አንዳንዱን ለውሻም አትሰጡትም። እሷ ግን የምትወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ ሰው ሲጎርስ ፊቱን ማየት። መጀመሪያ የሚቀምሰው ባሏ ነበር፤ ከዶርዜ የወረደ ዝምተኛ ሰው። ሌላው ይሉኝታ ይዞት ሲያሞግስ፣ እሱ ካረረ አርሯል ይላታል። ያገባሁት ለዚህ ነው ትል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ቆጮ አልወርድ አላት። ቀጥሎ እንጀራ፣ ቀጥሎ አጥሚቱም። አዲስ አበባ ወሰድናት። ጉሮሮዋ ውስጥ ያለው ነገር ቆይቷል፣ ቢላም አይነካውም ተባልን። በሆዷ በኩል ቱቦ አስገቡላትና ይዘናት ተመለስን። ያቺ ለሰው አፍ የምትኖር ሴት፣ ወተት በቱቦ ሲፈስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እኛ ደግሞ ደግ መሆናችን ነው፣ ከቤቱ ምግብ የሚባል ነገር አጠፋን። መብላት በማይችል በሽተኛ ፊት አይጎረስም፤ ነውር ነው። ምግብ ቤቱ ተዘጋ። ሽታው እንዳይደርሳት ጎረቤት ጓዳ ውስጥ እንደ ሌባ አጎንብሰን በልተን፣ አፋችንን ተጉመጥምጠን እንገባለን። ጠያቂ ሙዝ ይዞ ሲመጣ በር ላይ እንቀበለዋለን። ባሏማ ባሰበት። ፊልም ሲከፍትላት ሪሞቱን ይዞ ይቀመጥና ሳህን ብቅ ሲል ያሳልፈዋል። ሙሽሮቹ ማዕድ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ሳይታሰብ መኪና ውስጥ ይገኛሉ። እሱ ተደብቆም አይበላም ነበር፤ በሻይ ነው የሚውለው። ጉንጩ ገባ፣ ሱሪው ሰፋው። እሷ ይህን ሁሉ ታያለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሪሞቱን ከእጁ ወሰደችበት። ድምጿ ያኔ ሹክሹክታ ሆኗል።

"የማልውጠው እኔ ነኝ። እናንተን ማን ከለከላችሁ? ሰው ሲበላ ማየት ናፈቀኝ።"

እኔ አለቀስኩ። ለቅሶውን ትቼ አሳ እንድገዛ አዘዘችኝ። ከሰል ምድጃውን በሯ ላይ አድርጌ ስጠብስ፣ አልጋዋ ላይ ሆና በእጇ ትመራኛለች፤ ዘይቱ ገና ነው፣ አሁን ጨምሪ፣ አሁን ገልብጪ። ሽታው ክፍሉን ሲሞላ ዓይኗን ጨፈነች። የበደልኳት መሰለኝና እጄ ቆመ። ቀጥይ አለችኝ። ፊልሙ ተከፈተ፣ ትሪው አልጋው አጠገብ ቀረበ፣ እኔ ጎረስኩ። ባሏ ግን ረቡዕ ነው፣ እየጾምኩ ነው አለ። ያ የማይዋሽ ሰው! ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ቄሱም በማይጾሙበት ረቡዕ። እህቴ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆኖ እስኪያስጨንቃት ሳቀች።

ከዚያ አስታጥቢኝ አለች። እሾሁን እየለቀመች፣ ዳጣ በርበሬ አስነክታ ጠቀለለችና ወደ አፉ ወሰደችው። የሚስትን ጉርሻ እንዴት ብሎ ይመልሳል? ጎረሰ። አላመጠ፣ አላመጠ፤ አልወርድ አለው። እንባው ጺሙ ውስጥ ገባ።

"ዋጠው" አለችው። "አንተ እኮ ትችላለህ።"

ዋጠ። ፊልሙን አላየችም፤ ዓይኗ ጉሮሮው ላይ ነበር። እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። ጨው ያንሰዋል አላት። ወዲያው እኔ ላይ አፈጠጠችብኝ፣ እጅሽ ይሰበር አለችኝ። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አላየኋትም። ለእሱ ሌላ ጠቀለለችለት።

ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። በለቅሶው ላይ ባሏ የቀረበለትን ሁሉ በላ። ዕድርተኛው ንፍሮ ሲያመጣ በላ፤ እንጀራ ሲመጣ ሳህኑን ጠርጎ በላ። ሐዘንተኛ እኮ ተለምኖ፣ በስንት ግዝት ነው የሚቀምሰው። ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ ያሙት ጀመር፤ ሚስቱን ቀብሮ ሆዱን ይሞላል፣ ይሄ ምን ዓይነት ልብ ነው እያሉ። እኔ ፊት ለፊቱ ነው የተቀመጥኩት። እያንዳንዱ ጉርሻ አልወርድ ሲለው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲውጠው አያለሁ። ተነስቼ ጨመርኩለት።