የአያ ይመር መታሰቢያና የቀይ ቀበሮዋ ጎሬ

ከደጋው ያወረዱኝ አቶ ፈንታው ናቸው። በፓርኩ ስካውት፣ ማለትም የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ቀይ ቀበሮዎች በሚወልዱበት በኅዳር ነው። ስማቸውን የምጽፈው ረስታዋለች ብለው እንዳያስቡ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ዕለትም መካነ ሰላም ቢሮ ያገኘሁት እሳቸውን ነበር። የስካውቶች አስተባባሪ ነበሩ። ለወንድ የተሰፋ ካፖርት ወረወሩልኝና «ብርዱን ስታዪው ራስሽ ትወርጃለሽ» አሉኝ። በሩ አጠገብ የቆሙ አንድ ነባር ስካውት ካፖርቱን አንስተው አለበሱኝ፤ እጅጌውንም አጠፉልኝ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ብርዱ ለአስተባባሪም አያዝንም» አሉኝ። አያ ይመር እሳቸው ናቸው።

ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጎሬ ያገኘ ስካውት በሄደበት አይመለስም። ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ደጋግመው ከረገጡት መንገድ ይሆናል፤ በመንገዱ የእረኛ ውሻ ይገባል፤ ውሻ ደግሞ በሽታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በየቀኑ በሌላ በኩል እየዞርን፣ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን፣ ከሩቅ ተቀምጠን በባይኖኩላር እናይ ነበር።

በዚያ ኅዳር ጎሬ አገኘሁ። ደንቡ ስለሚያዝ ለአቶ ፈንታው ነገርኳቸው። እሳቸው እንግዶች አስከትለው በጓሳው መሐል በሰልፍ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ውሾች ጎሬው አፍ ላይ ደረሱ። እናትየው ግልገሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ሸሸች። አንዱን ግልገል እኔና አያ ይመር ሞቶ አገኘነው።

በስብሰባ ላይ አቶ ፈንታው «ጎሬውን የረበሸችው እሷ ናት» አሉ። ከደጋው ወርጄ የቢሮ በር ጠባቂ እንድሆን ተወሰነ። ያን ጊዜ አያ ይመር የቡድን መሪ ሊሆኑ ነበር። ብድግ ብለው «አብሬያት ነበርኩ። እሷን ካወረዳችሁ እኔንም አውርዱኝ» አሉ። አወረዷቸው። ወደ ደጋው እስክንመለስ ድረስ በሩን አብረን ጠበቅን። ሹመቱ ቀረባቸው፤ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አያ ይመር ሲያርፉ ልጆቻቸውና ባልደረቦቻችን በስማቸው ለወጣት የዱር እንስሳት ጠባቂዎች የሚሰጥ የመታሰቢያ ድጋፍ አቋቋሙ። ድጋፉን ያገኘ ወጣት የመራቢያውን ወቅት ከአንድ ነባር ስካውት ጋር ደጋው ላይ ያሳልፋል። ነባሯ እኔ ሆንኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሚፈልገኝ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበርና፣ ሲጠሩኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሐያት የምትባል የወግዲ ልጅ ናት።

ድጋፉ ደጋው ላይ በተመረቀበት ዕለት ገንዘቡን የሚሰጡ እንግዶች መጡ። አቶ ፈንታውም ሙሉ ልብስ ለብሰው የክብር እንግዳ ሆነው መጡ።

«አንቺ መቼም ጎሬ አታጪም። አንዴ አሳዪንና ፎቶ ተነስተን እንውረድ» አሉኝ።

አላጣሁም ነበር። ሐያት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ እንግዶቹ ቅር ብሏቸው ድጋፉን ቢተዉትስ? ይህ ካመለጠኝ ቤተሰቦቼ ሌላ ሥራ ፈልጊ ይሉኛል» አለች። እጄን አጥብቃ ይዛኛለች።

ወደ እንግዶቹ ዞሬ «ቀበሮዋ አራስ ናት፤ አራስ በዚህ ሁሉ ሰው አትጠየቅም። አያ ይመርም ቢኖሩ አይወስዷችሁም። ጭላዳ ዝንጀሮ ግን አሳያችኋለሁ» አልኳቸው። ተያዩ። አንዷ ሳቀችና «እሺ፣ ጭላዳ እንይ» አለች።

ከጎሬው በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ገደሉ መራኋቸው። ጭላዳዎቹ ፀሐይ እየሞቁ ሣር ይነጫሉ። አንዱ አውራ ጎፈሩን ነስንሶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠላቸው። ጭላዳ ፎቶ አይጠላም።

ስንመለስ አቶ ፈንታው ጠጋ ብለው «ዛሬም ቂም ይዘሻል?» አሉኝ።

«ይዣለሁ» አልኳቸው።

ድጋፉ አልቀረም። ለሐያት ቦት ጫማ፣ ድንኳንና ባይኖኩላር ተሰጣት። ካፖርቱም በልኳ ነው፤ እጅጌው መታጠፍ አላስፈለገውም። አያ ይመር ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ።

ጎሬ የሚነገረው ለሚጠብቀው ሰው ነው። በማግስቱ ሐያትን በድንጋዩ በኩል አዙሬ ወስጄ አሳየኋት። ለአቶ ፈንታው አልነገርኩም።